አዙሪት የያዛቸው በጎችና የአንኮበሩ ባለ እጅ

የሽኝቴ ዕለት ንግግር ያደረገልኝ ወጣት ኃላፊ “ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንስሳት እርባታ የሰጡ ሰው ናቸው” አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። እውነቱን ለመናገር አንዲት በግ እንኳን አርብቼ አላውቅም። የኔ ሥራ የታመመ እንስሳ አረማመዱን ማየት፣ ከአረማመዱ ተነሥቶ አንጎሉ የቱ ጋ እንደታመመ መናገር፣ ሲሞት ደግሞ ጭንቅላቱን ከፍቶ የተናገርኩት ልክ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ነበር። መጀመሪያ በበግ፣ በኋላ አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ በአይጥና በጥንቸል። ይህን ሳስረዳ ብዙው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ስለዚህ “እርባታ” መባሉ ያን ያህል አልከፋኝም።

አሁን ጊዜ አለኝ። ስለ አይጦቹ ሌሎች ጽፈዋል፣ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ ደብረ ብርሃን ዓመቶቼ ነው። ሥራውን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ሥራው ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ያየሁትም እዚያው ነው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ትምህርቴን ስጨርስ መጀመሪያ የተመደብኩት እነዋሪ ነበር። ሥራው ክትባት ነው። በገበያ ቀን ከገበያው ዳር መርፌያችንን ቀቅለን እንጠብቃለን፤ ገበሬው በሬውን እየጎተተ ሲመጣ አንዳችን ቀንድ እንይዛለን፣ አንዳችን እንወጋለን። አለቃችን የቀድሞ ወታደር ነበሩና ከብቱንም እኛንም በሰልፍ ማቆም ይወዱ ነበር። በሬ ሰልፍ እንደማይገባው ደፍሮ የነገራቸው ሰው የለም። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፤ ወርኃዊ ሪፖርቱ ግን ቤተሰብ ላለውም ይከብድ ነበር። ከበሬ ርግጫ በስተቀር እዚያ የተማርኩት ብዙ ነገር የለም።

ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወርኩት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ነፋስ ከየአቅጣጫው በሚገናኝበት ሜዳ ላይ፣ ለበግ በሽታ ጥናት የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ሁለት ክፍል፣ ሁለት በረት፣ አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ሐኪም። እኔ ስጨመር ሞላ።

ሐኪሙ ዶክተር ክፍሌ ይባላሉ። ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ጥቂት የከብት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። አዲስ አበባ ተቀምጠው የመኳንንት ፈረስ ማከም ሲችሉ ደብረ ብርሃን የመጡት አዙሪትን ለማጥናት ነው።

የዚያ አገር በግ አርቢ አዙሪትን ያውቀዋል። ደህና የነበረ ጠቦት አንድ ቀን ከመንጋው ይለያል፤ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ከዚያ መዞር ይጀምራል። ሣሩ ላይ ክብ መንገድ እስኪወጣ ይዞራል። ውኃ ቢያቀርቡለት ይዞራል፣ ቢጮሁበትም ይዞራል። መጨረሻው መክሳትና መሞት ነው። አንዳንዱ ከሣር ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከነፋስ፣ አንዳንዱ ከሰው ዓይን። ጭንቅላቱ ሲከፈት የሚገኘው ግን ውኃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ነው። ትልቁ የዶሮ እንቁላል ያክላል፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ጤፍ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተለጥፈውበታል። ዶክተር ክፍሌ ይህ ከረጢት አንጎሉ ውስጥ የቱ ጋ ሲያርፍ በጉ ምን ጠባይ እንደሚያመጣ፣ ደግሞም ከረጢቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይፈልጉ ነበር።

የታመመ በግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ባልዲ ደፍተው ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ፣ ያያሉ። ሻያቸው ጎናቸው እንደተቀመጠ ይቀዘቅዛል። አጠገባቸው የሚያወራ ሰው ካለ በዓይናቸው ያባርሩታል። ሲበቃቸው ይነሡና የበጉን አገጭ ያኩለታል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቃቸው “ለበጉ ይጠቅመዋል” አሉኝ።

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። እጃቸውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋሉ፤ ነፋስ እንዳይሰማው በጣም ቀስ ብለው። ካልጨፈነ ያ ዓይን አያይም። ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የማያይ ከሆነ ችግሩ ያለው በማዶው በኩል፣ አንጎሉ ውስጥ ነው። ቀጥለው የፊት እግሩን ሰኮና ወደ ኋላ አጥፈው መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ጤነኛ በግ ወዲያው ያቃናዋል፤ የታመመው እግሩን የረሳው ይመስል እንደታጠፈ ይተወዋል። በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ራስ ቅሉን እየተጫኑ ይፈትሹታል። ከረጢቱ ካለበት በላይ አጥንቱ ሳስቶ ሲጫኑት እሺ ይላል። ወደ ግራ የሚዞር በግ ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ በግራ በኩል ነው፤ የማያየው ግን የቀኝ ዓይኑ ነው። የማይዞር፣ ግን እንደ ሰካራም እግሩን ከመጠን በላይ እያነሣ የሚወድቅ ከሆነ ከረጢቱ ከኋላ፣ ከማጅራቱ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ይዞራሉ።

“ምን አየህ?”

“አዙሪት ይዞታል።”

“እሱን አልጠየቅኩህም። ምን አየህ?”

“ወደ ግራ ይዞራል። የቀኝ ዓይኑ አያይም።”

“አለማየቱን አየህ ወይስ ገመትክ?”

ብዙ ጊዜ መልሱ “ገመትኩ” ነበር። ያን ጊዜ ደግሜ እጄን ወደ በጉ ዓይን አስጠጋለሁ። ይህን ጥያቄ ጠልቼው ኖሬያለሁ፤ ሥራዬን ያስተማረኝም እሱው ነው። ዶክተር ክፍሌ ያላዩትን ነገር አይናገሩም። እንኳን ስለ በሽታ፣ ስለ አየሩም “ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም” ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ቦታው በደንብ ሲታወቅ ቀዶ ሕክምና እንሞክር ነበር። ፀጉሩን ላጭተን፣ በማደንዘዣ ወግተን፣ ቆዳውን ከፍተን፣ አጥንቱን በክብ መብሻ እንበሳዋለን። መብሻው አፉ ላይ ጥርስ ያለው አጭር ቧንቧ ነው፤ በእጅ እያዞሩ ይሠሩበታል። አጥንቱ ሲነሣ ከረጢቱ ብቅ ይላል፤ ውኃውን በመርፌ መጥጠን፣ የከረጢቱን ቆዳ በመቆንጠጫ ይዘን ቀስ እያልን እናወጣዋለን። ሲሳካ በጉ በማግስቱ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። እንደዚያ ያለ ቀን ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ከውጭ የመጣችው አንዲት መብሻችን ጥርሷ አለቀ። ሌላ ማስመጣት ረጅም የወረቀት ሥራ ነበርና ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጎበዝ ባለ እጅ እንዳለ ሰምተን በላንድሮቨር ሄድን። ሰውየው አቶ ጌጡ ይባላሉ። ከሲታ፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ሸክላ ይሠራሉ። እኔ አንቱ እላቸው ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን ትልቅ ትንሹ አንተ ይላቸዋል። ማረሻውን ያሠራቸዋል፣ ማጭዱን ያስሞርዳቸዋል፤ ቤታቸው ግን ገብቶ አይበላም፤ ልጁንም በፊታቸው አያሳልፍም። ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና።

ዶክተሩ መብሻውን በጠመኔ ሥለው አሳዩአቸው። አቶ ጌጡ የመጀመሪያውን ሠርተው ሲያመጡ ጥርሱ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ጠመመ። ሦስተኛው አጥንቱን በሚገባ በሳ። በየጊዜው ወደ ጣቢያው የሚመጡት በእግራቸው ነው። መብሻው ሲሞከር እስከ መጨረሻው ቆመው ያያሉ፤ ሥራቸው የት እንደሚገባ ማወቅ ይወዱ ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ትልቁን ጥናት ጀመርን። ዶክተር ክፍሌ የሚያነቧቸው መጻሕፍት የአዙሪት ከረጢት የሚመጣው ከውሻ ነው ይላሉ። ውሻው የታመመ በግ ጭንቅላት ሲበላ ነጠብጣቦቹ አንጀቱ ውስጥ ገብተው ኮሶ ይሆናሉ፤ ኮሶው እንቁላሉን ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይጥላል፤ በጉ ያን ሣር ይግጣል። በኛ አገር ደግሞ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ዶክተሩ ግን የመጽሐፉ አልበቃቸውም። ራሳቸው ማየት ፈለጉ።

ሁለት ውሾች አመጣን። ሁለቱንም መጀመሪያ አንጀታቸው እንዲጠራ የኮሶ መድኃኒት አጠጣናቸው፤ የሰው መድኃኒት ለውሻ ሲሰጥ ዘበኛችን ጋሼ ወርቁ አማተቡ። ከዚያ አንደኛውን ውሻ ከረጢት ያለበት የበግ አንጎል አበላነው። ሁለተኛው ሥጋ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ ተደረገ፤ ቀለቡ የተቀቀለ ገብስና ባቄላ ብቻ ሆነ። ጋሼ ወርቁ ስም አወጡለት፤ ባሕታዊ አሉት። ከመዘዞ ያመጣናቸውን ግልገሎች ለሁለት ከፍለን እያንዳንዱን ወገን ከአንዱ ውሻ ጋር በየበረቱ አስገባን። መጽሐፉ ልክ ከሆነ የባሕታዊ በረት ግልገሎች ጤነኛ ሆነው ይከርማሉ፤ የሌላኛው ይዞራሉ። ምልክቱ እስኪታይ ወራት ይወስዳል።

ጋሼ ወርቁ ሸምገል ያሉ፣ ዐርብ ሮብ የማያጓድሉ፣ ለውሻ ሳይቀር የሚያዝኑ ሰው ነበሩ። ዶክተሩ “ለዚህ ከገብስና ከባቄላ በስተቀር ምንም እንዳይሰጡት” ሲሏቸው “እሺ ጌታዬ” አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ አቶ ጌጡ ምንም ዕቃ ሳይዙ መጡ። ከበሩ ላይ ቆሙ። ዶክተሩ ይግቡ ቢሏቸው አልገቡም።

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።”

“ይበሉ።”

“በላቸውን ያውቁታል፤ ጎረቤቴ። ያለሁበት መሬት የሱ ነው። በጎቹን አዙሪት ገባባቸው። እኔ በልቻቸው ነው ይላል። ለአጥቢያ ዳኛው ከሶኛል፤ ከአገር ይነሣልኝ ብሎ። ነገሩ ከጥምቀት በኋላ ይታያል።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“እኔማ ምን እላለሁ? አልበላሁም ብል ማን ይሰማኛል? እርስዎ የተማሩ ነዎት። ከምን እንደሚመጣ መጥተው ቢናገሩልኝ ያምኑዎታል። ቤቴ ይተርፍልኛል።”

ዶክተር ክፍሌ “አሁን መጥቼ አልናገርም” አሉ። “ገና አላየሁም። ግን ከጥምቀት በኋላ ዳኛውንም ሽማግሌዎቹንም እዚህ አምጥቼ በዓይናቸው እንዲያዩ አደርጋለሁ። በአንዱ በረት ይዞራሉ፣ በአንዱ አይዞሩም። ያን ጊዜ የኔም ቃል አያስፈልግም።”

አቶ ጌጡ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥተው ሄዱ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

“ዶክተር፣ መጽሐፉ እኮ ይላል። ያንኑ ቢነግሯቸው ምን አለበት?”

“ዳኛ ፊት ቆሜ መጽሐፍ ይላል ልበል? ስለ ቡዳ የሚነግራቸውም መጽሐፍ አላቸው። በዓይናቸው ካላዩ አንዱን መጽሐፍ ጥለው ሌላውን አያነሡም።”

ልክ ነበሩ። እስከ ዛሬም ልክ ነበሩ እላለሁ። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው ግልገል ዞረ፤ አንጎል ከበላው ውሻ በረት ነው። ዶክተሩ ያን ቀን ሻያቸውን በትኩሱ ጠጡ። ሌሎችም ተከተሉ። የባሕታዊ በረት ግን ሰላም ነበር። ለዳኛው መልእክት ተላከ፤ ቀን ተቆረጠ።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ወደ ባሕታዊ በረት ስገባ አንዲት ግልገል ራሷን ወደ ቀኝ አዘንብላ ቆማ አገኘኋት። ዶክተሩን ጠራሁ። መጡ፣ ባልዲ ደፉ፣ ተቀመጡ። እየጠበቅን ሳለ ግልገሏ ተነቃነቀች፤ መዞር ጀመረች።

“ምን አየህ?” አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

“ወደ ቀኝ ትዞራለች።”

“አዎ። ትዞራለች።”

ዳኛው እስኪመጡ ድረስ ሌሎችም ጨመሩ። ዶክተሩን ቀኑን እንዲያስተላልፉ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። የታመሙትን ከባሕታዊ በረት እናውጣ አልኩ። ይህን ስል የተመለከቱኝ አስተያየት ዛሬም ይሰማኛል።

“የጠራኋቸው ያለውን እንዲያዩ ነው” አሉ።

በቀጠሮው ቀን ላንድሮቨሩ ዳኛውን፣ ሽማግሌዎቹንና አቶ በላቸውን ይዞ መጣ። አቶ በላቸው ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ከዘራቸውን እንደ ሹመት የሚይዙ ሰው ናቸው። አቶ ጌጡ በእግራቸው ቀድመው ደርሰው አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ ነጭ ልብስ ለብሰዋል። ዶክተር ክፍሌ ጥናቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀላል አማርኛ አስረዱ። ከዚያ ሁለቱንም በረት አሳዩ። በሁለቱም ውስጥ ግልገል ይዞራል።

ዳኛው ሲያዩ ቆዩና “እንግዲህ ገብስ የበላውም ውሻ ጋ ይዞራሉ” አሉ።

“ይዞራሉ።”

“ታዲያ ከውሻ ነው ለማለት ይችላሉ?”

“ዛሬ አልችልም። ምክንያቱን አላወቅኩትም።”

አቶ በላቸው ከዘራቸውን ወደ አጥሩ ጠቆሙ። “ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰውዬ እዚህ ግቢ አይመላለስም ወይ? ብረት ይዞ እየመጣ ሁለቱንም በረት አላያቸውም?”

ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ዶክተሩ “ማየት በግ አያሳምምም” ብለው ሲጀምሩ ዳኛው አቋረጧቸው።

“የጠየቅነው ስለዚያ አይደለም፣ ዶክተር። እርስዎ የሚናገሩት ያዩትን ነው ሲባል ሰምተናል። አይቷቸዋል ወይስ አላያቸውም?”

ዶክተር ክፍሌ አቶ ጌጡን ተመለከቱ። ከዚያ “አይቷቸዋል” አሉ።

በዚያች ሰዓት ዶክተሩን ጠላኋቸው። አላየም ቢሉ ማን ይመሰክርባቸው ነበር? እኔ አልመሰክር፣ ጋሼ ወርቁ አይመሰክሩ። አቶ ጌጡ ግን አልተቆጡም። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ እጅ ነሡ፣ እንደ አመጣጣቸው በእግራቸው ተመለሱ። ጾም ከመግባቱ በፊት ቤታቸውን እንዲለቁ ተፈረደባቸው። ወደ ቆላው፣ ወደ አሊዩ አምባ መውረዳቸውን በኋላ ሰማን።

ሁለት ወር ያህል ዶክተሩ ከኔ ጋር ከሥራ ውጭ ቃል አልተለዋወጡም። ባልዲው ላይ እየተቀመጡ ባሕታዊን ያዩታል፤ ውሻውም ያያቸዋል።

ላጤ ነበርኩና የፋሲካን ዕለት ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ጋሼ ወርቁ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። እኔ ጋ የመጡ መስሎኝ ተነሣሁ። አልፈውኝ ወደ ባሕታዊ በረት ሄዱ። ቅጠሉን ሲፈቱት የበግ ጭንቅላት ነው።

“ጋሼ ወርቁ! ምን እያደረጉ ነው?”

“የዚህን የምስኪን ድርሻ ነዋ የማመጣለት። እንኳን አደረሰህ ማለት አይገባም ወይ?”

“ዶክተሩ ከገብስ በቀር አይስጡት ብለውዎት የለም?”

“ብለውኛል። እኔስ አፈረስኩ? በጾሙ አንድ ቀን ሌላ አቀመስኩት?” ተገርመው አዩኝ። “ጾሙ እኮ ተፈታ፣ ልጄ። እኛስ ገብስና ባቄላ ስንበላ አልከረምንም? ሰው ሁሉ ገድፎ እሱ ብቻ እስከ መቼ ይጹም?”

“አምናም ሰጥተውት ነበር?”

“ለፋሲካ ሳልሰጠው? አምናማ ትልቅ ነበር። አዙሪት የጀመረው በግ ነበርና ሳይከሳብኝ ብዬ ያረድኩት ነው።”

ጭንቅላቱን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው ወይስ ሳቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለጋሼ ወርቁ የዶክተሩ ትእዛዝ ጾም ነበር፤ ጾም ደግሞ መፍቻ አለው። በሃይማኖቱ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ትክክል ነገር የለም።

በማግስቱ ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ጋሼ ወርቁን ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አስጠሯቸው፣ ወንበር ሰጧቸው፣ ስለ ነጠብጣቦቹ፣ ስለ ኮሶው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ አቶ ጌጡ ሁሉን ነገሯቸው። ጋሼ ወርቁ እየሰሙ ሄደው ሄደው በመጨረሻ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

“ሰውየውን እኔ ነኛ ያስነሣሁት” አሉ ከነጠላው ውስጥ።

“የለም” አሉ ዶክተሩ። “እርስዎን አምኜ ሥራ ሰጠሁ፤ ምክንያቱን ለመንገር ግን አላመንኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ሌሎች ውሾች፣ ሌሎች ግልገሎች አምጥተን እንደገና ጀመርን። በዚህ ዓመት ጋሼ ወርቁ በገብስ በላተኛው ውሻ በረት አጠገብ ጥንብ አንሣ እንዲያርፍ እንኳን አይፈቅዱም ነበር። በቀጣዩ ጥር አንዱ በረት ዞረ፤ ሌላው አልዞረም። ዶክተሩ ለማመን ቸኩለው አያውቁምና ሳምንት በሳምንት እየመረመርን እስከ ጾሙ መግቢያ ጠበቅን። አንድም አልዞረም።

ዳኛውና ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ መጡ። አቶ በላቸውም መጡ። አንድ የሚዞር ጠቦት ታርዶ ጭንቅላቱ ተከፈተ፤ ከውሻው የወጣው ኮሶ በብርጭቆ ቀረበ። አቶ በላቸው ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በጣታቸው ነኩት። “ለካ ውሻ ኖሯል!” አሉ። ከዚያ ወዲያ የታመመ በግ ጭንቅላት እንዲቀበር ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ በነጋታውም ለመንደሩ ተነገረ። ዶክተሩ ስለ አቶ ጌጡ ሲያነሡ ዳኛው “ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ቢመለስ ግን የሚከለክለው የለም” አሉ።

ለአቶ ጌጡ ሄዶ መናገር ነበረብን። ዶክተሩ አንኮበር ድረስ አብረውኝ መጡ። ከዚያ ወደ አሊዩ አምባ መውረጃው ላይ ቆሙና “አንተ ሂድ” አሉኝ። “ፊታቸውን ለማየት አቅም የለኝም።” ያለውን ሁሉ ማየት የማይፈሩ ሰው ይህን ማለታቸው አሳዘነኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ትቻቸው ወረድኩ።

የገበያ ቀን ነበር። ቆላው ይሞቃል፤ ሰላምታው “አሰላሙ ዓለይኩም” ነው። አቶ ጌጡን ገበያው ዳር ዛፍ ሥር፣ ማጭድና ቢላዋ ዘርግተው አገኘኋቸው። ወይዘሮ አስካለ ከጎናቸው ሸክላ ደርድረዋል። ጠቁረዋል፤ ከስተዋል። ሲያዩኝ ሁለቱም ተነሡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የባሕታዊን ፋሲካ ሳይቀር። አቶ ጌጡ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

ስጨርስ ወይዘሮ አስካለ “በላቸው ምን አለ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ለካ ውሻ ኖሯል አሉ።”

“ስለኛስ?”

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። “ስለናንተ ያሉት ነገር የለም” አልኩ። “ዳኛው ግን ብትመለሱ የሚከለክላችሁ የለም ብለዋል።”

ወይዘሮ አስካለ አንዲት ጀበና አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ቀድሞውንም ንጹሕ ነበረች።

አቶ ጌጡ ዓይናቸውን ገለጡ። “ውሾቹንስ ምን አደረጓቸው?”

“ምንም። ጭንቅላት እንዳይሰጧቸው ተማከሩ እንጂ ውሾቹ እንዳሉ ናቸው።”

“ከአገር አላስወጧቸውም?”

“አላስወጧቸውም።”

“ደግ አደረጉ” አሉ። “ከቤት መነሣት ለውሻም ከባድ ነው።”

ማጭድ ሊገዛ የመጣ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቦታ ለቀቅኩለት።